ስለ ስኪ ዕቃ ማሳደሻ ዋጋ፦ ማማረር ወይስ መደራጀት?



ባለፈው የበረዶ ወራት በተደረገው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ ከአጀንዳ ውጭ የተነሣ አንድ ጉዳይ ከተያዙት አጀንዳዎች ሁሉ የበለጠ ጊዜ እንደ ወሰደብን በስብሰባው የነበራችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። ጉዳዩ የስኪ ዕቃ ማሳደሻ ዋጋ ነበር። ከመካከላችን አንዱ በቤይሩት ዳርቻ ከሚገኝ አንድ ሱቅ የተቀበለውን ደረሰኝ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ለአንድ ጥንድ ስኪ ማሳደሻ ሠላሳ አምስት ዶላር ይላል። ስኪውን ራሱን ከሰልባጅ የገዛው በስልሳ ዶላር ነበር።

ወዲያው ቤቱ በሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን «ሐበሻ መሆናችንን አይተው ነው የሚዘርፉን፤ ወደዚያ ሱቅ መሄድ እናቁም» አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ወላጆቻችን በአገር ቤት በኑሮ ውድነት ሲንገላቱ፣ እህቶቻችን በዚሁ ከተማ በሰው ቤት ሲለፉ፣ እኛ ስለ በረዶ መንሸራተቻ ስንከራከር አናፍርም ወይ? ይህ ለማኅበራችን ልሳን የሚመጥን ጉዳይ አይደለም» ሲል ተቃወመ። ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ።

ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም ወገኖች መልስ ለመስጠት የታሰበ ነው። አቋማችንን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፣ ዋጋው ከባድ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ዝርፊያ ነው ብለን አናምንም። ከምንከፍለው ገንዘብ የሚበዛው በገዛ እጃችን ልንሠራው ለምንችለው ሥራ የሚከፈል ነው። ጥቂቱ ደግሞ ሳናጉረመርም ልንከፍለው የሚገባ የአጥንታችን ዋጋ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የሚቻለው በየግል በማማረር ሳይሆን በጋራ በመደራጀት ብቻ ነው።

ሀ. ስኪ የእኛ ጉዳይ ነውን?

ሊባኖስ የሚለውን ስም አብዛኞቻችን መጀመሪያ የሰማነው ከመዝሙረ ዳዊትና በሸዋ ከሚገኘው ከደብረ ሊባኖስ ገዳም ነው። ስለ ዝግባው እንጂ ስለ በረዶው የነገረን አልነበረም። እዚህ ከመጣን በኋላ ግን በታኅሣሥና በጥር፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ሆነን ባሕረ ሰላጤውን ተሻግረን ስንመለከት፣ የሳኒን ተራራ ነጭ ለብሶ ተገትሮ እናገኘዋለን። የእኛው ራስ ደጀን ከ4500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ 3088 ሜትር ከሆነው ከሊባኖስ ከፍተኛ ጫፍ ከቁርነት አስ-ሰውዳ እጅግ ይበልጣል። ነገር ግን ለምድር ወገብ የቀረበ በመሆኑ የሚወርድበት በረዶ ቶሎ ይቀልጣል እንጂ እንደዚህ ተከምሮ ወራት አይቆይም። ስለዚህ ከመካከላችን ስኪን ከልጅነቱ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም።

ይሁን እንጂ «ስኪ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለው አባባል ከተጨባጩ ሁኔታ ጋር አይስማማም። ሊባኖስ በክረምት ኦሊምፒክ መሳተፍ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1948 በሳንክት ሞሪትዝ ነው። የእኛዋም ኢትዮጵያ ሮቤል ተክለማርያም በተባለው ልጇ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010ም በቫንኩቨር በአገር አቋራጭ ስኪ ባንዲራዋን ይዛ ቀርባለች። በረዶ የማይቆይበት አገር ልጅ በረዶ ላይ መሮጥ እንደሚችል የሚያስረዳ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገንም።

ከማኅበራችን አባላት ዛሬ ስኪ የሚሠሩ ዘጠኝ ናቸው። ሁሉም በነፃ ትምህርት ዕድል የመጡ ናቸው። የጀመሩትም የላቦራቶሪና የክፍል ጓደኞቻቸው ሲጋብዟቸው ነው። እሑድ ጧት ከቤይሩት ተነሥቶ በጁንዬ በኩል፣ በአጀልቱን አድርጎ ወደ ከፋርደቢያን የሚወጣው አውቶቡስ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ከ1850 እስከ 2465 ሜትር ከፍታ ባለው የምዛር ተዳፋት ሥር ያወርዳቸዋል። በዚያ ተራራ ላይ ሐበሻ ሴት ስትታይ የሌላ ሰው ልጅ ይዛ የመጣች ሞግዚት እንጂ ራሷ ስኪ ልትሠራ የመጣች አትመስላቸውም። አንዲት እህታችን ስኪዋን ተሸክማ ስትሄድ «የእመቤትሽ ዕቃ ነው?» ተብላ ተጠይቃለች። እሷም «የራሴ ነው» ብላ መለሰች። ስለዚህ ጉዳዩ የቅንጦት ብቻ አይደለም፤ በገዛ እግር፣ በገዛ ዕቃ፣ ከሌላው ጋር እኩል ተራራ የመውጣት ጉዳይም አለበት። እንዲህ ስንል ግን ስኪ ከትምህርታችንና ከኑሯችን ይቀድማል ማለታችን አይደለም። ልክ ልኩን መያዝ አለበት፤ ልኩን ለማወቅ ደግሞ ሒሳቡን መመርመር ይገባል።

ለ. በዋጋው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ያንን ደረሰኝ የያዙ ሁለት አባሎቻችን ወደ ሱቁ ተመልሰው በትሕትና ዝርዝሩን ጠየቁ። ሠላሳ አምስቱ ዶላር ለሦስት ሥራ የተከፈለ ሆኖ ተገኘ፤ ሰም መቀባት 15፣ ጠርዝ መሳል 10፣ የስኪውን የታች ፊት በመኪና መፋቅና ማስተካከል 10። ከእነዚህ ውስጥ የመጨረሻው ጨርሶ ለማያስፈልገው ስኪ ነበር የተሠራለት፤ ፊቱ አልተቧጨረም፣ አልጎደጎደምም። ባለሱቁ «ሙሉ አገልግሎት ትፈልጋለህ?» ብሎ ጠይቆት፣ ወንድማችንም ሙሉ ምን ማለት እንደ ሆነ ሳያውቅ «አዎ» ብሎ ነበር። እንግዲህ አሥሩ ዶላር የሄደው በዝርፊያ ሳይሆን ባለማወቅ ነው። የዋጋ ዝርዝር በግድግዳው ላይ አለመለጠፉ ግን የሱቁ ጥፋት መሆኑን ሳንናገር አናልፍም።

የእያንዳንዱን ሥራ ምንነት አንድ በአንድ እንመልከት።

ሰም፦ የስኪው የታች ፊት ፖሊኤቲሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ሰም ሲቀልጥበት ወደ ውስጡ ይመጥጣል፤ ስኪው በበረዶ ላይ ሲሄድ ደግሞ ሰሙ ቀስ በቀስ ያልቃል። ያን ጊዜ ፊቱ ነጣ ብሎ ይደርቃል፣ ስኪውም ይጎትታል። በተለይ በመጋቢት በረዶው ረጥቦ ሲከብድ፣ ሰም የሌለው ስኪ እንደ ተጣበቀ ሆኖ ሰውየውን ወደፊት ይጥለዋል። ሥራው ሰሙን በካውያ አቅልጦ መቀባት፣ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፣ በፕላስቲክ መፋቂያ መፋቅና በብሩሽ መወልወል ነው። የሚጠይቀው ትዕግሥት እንጂ የተለየ ጥበብ አይደለም።

ጠርዝ፦ ከስኪው ግራና ቀኝ ያለው ቀጭን ብረት ነው። በጧት በረዶው በረድቶ እንደ ድንጋይ ሲጠጥር ተንሸራታቹን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። የሚሳለው በሞረድ ሲሆን፣ የጎኑ ማዕዘን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዲግሪ ነው። ማዕዘኑን የሚጠብቅ ማስመሪያ ካለ፣ ስኪውም በሞርሳ ከታሰረ፣ ጥንቃቄ ያለው ሰው ሁሉ በጥቂት ልምምድ ይሠራዋል።

የጫማው ማያያዣ፦ ይህ በደረሰኙ ላይ አልነበረም፤ ዋናው ነገር ግን እሱ ነው። ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ደግሞ በባለሱቁ ቦታ ሆነን እንየው። ሊባኖስ ከ1997 ጀምሮ አንዱን ዶላር በ1507.5 ሊራ ተመን አስራ ቆይታ፣ ከ2019 የገንዘብ ቀውስ ወዲህ ገንዘቧ ወድቆ ከ2023 አጋማሽ ጀምሮ አንዱ ዶላር ወደ 89,500 ሊራ ሆነ። በባንክ የነበረው የሕዝብ ቁጠባም እንደ ተቆለፈ ቀረ። ሰሙ፣ ሞረዱ፣ መኪናው ሁሉ ከአውሮጳ በዶላርና በዩሮ የሚገባ ሲሆን፣ 11 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨመርበታል። የመንግሥት መብራት ቀኑን ሙሉ ስለማይበቃ ሱቁ ለግል ጄኔሬተር ባለቤት በየወሩ ይከፍላል። የበረዶው ወራት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት መጨረሻ ቢዘልቅ ነው፤ በረዶ ባነሰበት ዓመት ደግሞ ከዚያም ያጥራል። የሱቁ ኪራይ ግን ዓመቱን ሙሉ ይቆጠራል። ይህን ሁሉ ስንደምር፣ ከእኛ ዘንድ ብቻ ሳይሆን ከሊባኖሳውያን ጓደኞቻችን ዘንድም ያው ዋጋ እንደሚጠየቅ ጠይቀን ስናረጋግጥ፣ «ሐበሻ ስለሆንን ነው» የሚለው ክስ በዚህ ጉዳይ ላይ እንደማይሠራ ተረዳን። በሌላ ቦታ የሚደርስብንን ንቀት ለመቃወም ከፈለግን፣ በሌለበት ቦታ አለ ብለን ቃላችንን ማርከስ የለብንም።

ሐ. ውድ ማለት ከምን ጋር ሲነጻጸር ነው?

የሁለተኛው ወገን ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ስለዚህ በቀላሉ ልናልፈው አንችልም።

እሑድ ጧት ወደ ተራራው የሚወስደን አውቶቡስ የሚያልፈው በዶራ በኩል ነው። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ዕረፍት የተፈቀደላቸው እህቶቻችን በዶራና በቡርጅ ሐሙድ ይሰበሰባሉ፤ እንጀራ ይበላሉ፣ ለቤተሰብ ገንዘብ ይልካሉ፣ ቡና ያፈላሉ። እኛ ስኪያችንን ይዘን በመስኮት እናያቸዋለን። እነሱም ያዩናል። ከቀውሱ በፊት የብዙዎቹ የወር ደመወዝ ከ150 እስከ 200 ዶላር ነበር፤ ከቀውሱ በኋላ ደግሞ ብዙዎቹ በዶላር መከፈሉ ቀርቶባቸው፣ አንዳንዶቹም ጨርሶ ሳይከፈላቸው ቀርተዋል። በ150 ሒሳብ ካሰብነው፣ ያ የሠላሳ አምስት ዶላር ደረሰኝ የአንዲት እህት የአንድ ሳምንት ልፋት ዋጋ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በሰባተኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ ያደረገ በመሆኑ፣ ሠራተኛዋ በከፋላ ሥርዓት ለአንድ አሠሪ ታስራ ትኖራለች። በ2020 አጋማሽም አሠሪዎች በርካታ እህቶቻችንን ደመወዛቸውን ሳይከፍሉ በሀዝሚዬ በሚገኘው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ አውርደው ጥለዋቸው እንደ ሄዱ ዓለም ሁሉ አይቷል።

ከዚህ ምን እንማራለን? አንዳንዶች «እንግዲያው ስኪውን እንሽጠው» ይላሉ። ይህ ለኅሊና የሚመች መልስ ይመስላል፤ ነገር ግን ዘጠኝ አሮጌ ስኪ በመሸጡ የማንም ደመወዝ አይከፈልም። ትክክለኛው ትምህርት ሌላ ነው። አንደኛ፣ በዚህ ከተማ የአንድ ሳምንት ልፋት የሚያህል ገንዘብ ምን እንደ ተሠራበት ሳይጠይቁ «አዎ» ብሎ መክፈል ነውር ነው። ሁለተኛ፣ ከእኛ እጅግ ያነሰ ገንዘብና ጊዜ ያላቸው እነዚሁ እህቶች በ2017 «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለውን ማኅበር ራሳቸው መሥርተው፣ በቀውሱ ጊዜ ምግብና የቤት ኪራይ ለተቸገሩት ሲያዳርሱ፣ ወደ አገር ለመመለስ የፈለጉትንም ሲረዱ ቆይተዋል። በእሑድ ዕረፍታቸው ይህን ያህል ማደራጀት ከቻሉ፣ እኛ ባለ ዲግሪዎቹ አንድ ካውያና አንድ ሞረድ በጋራ መግዛት እንዴት ያቅተናል?

በዚሁ ምክንያት ማኅበሩ ከጋራ ሣጥኑ ለስኪ ዕቃ አንድ ሳንቲም እንዳያወጣ አጥብቀን እናሳስባለን። ያ ገንዘብ ለታመመና ለተቸገረ አባል፣ ለእህቶቻችንም ጉዳይ የተዋጣ ነው። ስኪ የሚሠራ ሰው የስኪውን ወጪ ራሱ ይቻለው።

መ. የአምስት ዶላር ቁጠባ

«ሁሉንም በራሳችን እንሥራ» ወደሚለው ጫፍ ከመሄዳችን በፊት ግን በመካከላችን የደረሰውን እንናገር።

ሁላችንም የምናውቀው አንድ ወንድማችን፣ ስኪው ያለ አግባብ ከጫማው እየተላቀቀ አስቸገረው። ሱቁ ማያያዣውን ለመፈተሽ አምስት ዶላር ጠየቀው። እሱ ግን በቴክኒክ ትምህርት የሠለጠነ ስለሆነ በራሱ ተማምኖ፣ በመኝታ ክፍሉ ተቀምጦ በካቻቢቴ የፊቱንም የኋላውንም ብሎን እስኪበቃው ድረስ አጠበቀው። ስኪው ከዚያ በኋላ አልተላቀቀም። በመጋቢት አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በረዶው ረጥቦ ሳለ ስኪው ተቀርቅሮ ወደቀ። ሰውነቱ ዞረ፣ ስኪው ግን አልዞረም፣ አልተፈታምም። ቅልጥሙ ተሰበረ። ሦስት ወር በምርኩዝ ሄደ፤ የሁለተኛውን መንፈቅ ፈተና ሳይወስድ ቀረ፤ የነፃ ትምህርቱም ዕድል ለጥቂት ሳይቋረጥበት ተረፈ። አገር ቤት ያሉት እናቱ እስከ ዛሬ ድረስ ደረጃ ላይ የወደቀ ነው የሚመስላቸው። ይህን ታሪክ ስሙ ሳይጠቀስ እንድንጽፈው የጠየቀን እሱ ራሱ ነው።

የማያያዣው ነገር እንዲህ ነው። ሰው ሲወድቅ እግሩን የሚፈታው ምንጭ የሚስተካከልበት ቁጥር በመስኮቱ ላይ ይታያል። ቁጥሩ የሚወሰነው በሰውየው ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ በጫማው የሶል ርዝመትና በሰውየው የአነዳድ ጠባይ ነው። ለዚህም አይ ኤስ ኦ 11088 የሚባል ዓለም አቀፍ ደንብ ወጥቶለታል። ከሰልባጅ የተገዛ ስኪ የሚመጣው በቀድሞው ባለቤት ልክ እንደ ተስተካከለ ነው፤ የእሱ ክብደት የእኛ አይደለም፣ የእሱም ጫማ የእኛ አይደለም። ደግሞም ቁጥሩን ማስተካከል ብቻ አይበቃም። ምንጩ አርጅቶ፣ የጫማው ሶልም ተበልቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በእርግጥ በዚያ ኃይል መፈታቱ በመለኪያ መሣሪያ መፈተን አለበት። ያ መሣሪያ በእኛ እጅ የለም፤ ሙያውም የለንም። ማያያዣው በትክክል ተስተካክሎ እንኳ በዋነኛነት የሚያድነው ቅልጥምን እንጂ ጉልበትን ሙሉ በሙሉ አይደለም። እንግዲህ አላግባብ ሲጠብቅ ምን እንደሚያደርግ አይታችኋል።

ከዚህ የምናገኘው መመሪያ ግልጽ ነው። ሰምና ጠርዝ ቢበላሹ የሚበላሸው ስኪው ነው፤ ማያያዣው ቢበላሽ የሚበላሸው ሰው ነው። የመጀመሪያውን በእጃችን እንሥራ፣ ለሁለተኛው ሳንከራከር እንክፈል።

ሠ. ምን እናድርግ?

ማማረር ብቻውን ዋጋ አያወርድም። ስለዚህ የሚከተሉትን ስድስት ነጥቦች ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ እናቀርባለን።

1ኛ. የዕቃ ዕቁብ እናቋቁም። ዘጠኙ እያንዳንዳቸው አሥር አሥር ዶላር ቢያዋጡ ዘጠና ዶላር ይሆናል። እኛ ባደረግነው የገበያ ጥያቄ መሠረት ይህ ለሞረድና ለማስመሪያው፣ ለመፋቂያ፣ ለብሩሽ፣ ለትንሽ ሞርሳና ለዓመቱ ሰም ይበቃል። ካውያውን ከአሮጌ ዕቃ ተራ እናገኛለን፤ ልብስ የሚተኮስበት ግን አይሁን። በሌላ በኩል ዘጠኝ ሰው በአንድ የበረዶ ወራት ሦስት ሦስት ጊዜ ሰም ቢያስቀባ፣ በ15 ዶላር ሒሳብ 405 ዶላር ይከፍላል። ልዩነቱን ለማየት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ወጪው የሰም ብቻ ነው።

2ኛ. የሥራ ተራ ይውጣ። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ማታ ሁለት ሁለት ሰው እየሆነ የሁሉንም ስኪ ይሥራ። አንዱ ያወቀውን ለሌላው ያስተምር። ካውያው ሰሙን እስኪያጨስ ድረስ አይጋል፤ ካጨሰ ሙቀቱ በዝቷል ማለት ነውና ይቀነስ። መስኮት ተከፍቶ ይሠራ። ፍሎር ያለበትን ሰም ማንም እንዳይገዛ፤ ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ከ2023/24 ውድድር ጀምሮ የከለከለው ሲሆን፣ በውኃና በሰው ደም ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ነገር ነው። ለሊባኖስ በረዶ፣ በተለይም ለመጋቢቱ፣ ለሞቃት በረዶ የተባለው ተራ ሰም ይበቃናል።

3ኛ. ማያያዣ በየዓመቱ በባለሙያ ይፈተን። የበረዶው ወራት ከመጀመሩ በፊት ዘጠኙም አንድ ቀን አብረው ሄደው ያስፈትኑ፤ የተለካውን ቁጥር የያዘ ወረቀትም ይጠይቁ። ዘጠኝ ሆኖ የሚሄድ ሰው ዋጋ ለመነጋገር ይችላል፣ አንድ ሆኖ የሚሄድ ግን የተባለውን ይከፍላል። ወረቀት ያላሳየ አባል በማኅበሩ ስም በሚዘጋጅ ጉዞ ስኪ እንዳይሠራ እንወስን። ይህ ቅጣት አይደለም፤ ለእናቶቻችን ሌላ የደረጃ ተረት ላለመጻፍ ነው።

4ኛ. የዋጋ ዝርዝር ይሰብሰብ። እያንዳንዱ አባል በየሱቁ ለየሥራው ምን ያህል እንደ ተጠየቀ ይመዝግብ፣ ዝርዝሩም በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ስኪ ከመስጠታችን በፊት «ምን ምን ልትሠራለት ነው? እያንዳንዱስ ስንት ነው?» ብለን እንጠይቅ። በደንብ የሠራውንም ባለሙያ በስሙ እናመስግነው፤ ቀንና ሌሊት በጄኔሬተር ጭስ ውስጥ ቆሞ የሚሠራው ሰው ከእኛ ባልተናነሰ በቀውሱ የተጎዳ ነው።

5ኛ. ዕቃውን ከባሕሩ ጨው እናድን። ቤይሩት የባሕር ዳር ከተማ በመሆኗ ጨዋማው አየር የስኪውን ጠርዝ ባንድ በጋ ያዝገዋል፤ የዛገውን ለማስለቀቅ ደግሞ ሱቁ እንደገና ያስከፍለናል። በሚያዝያ ስኪው ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ወፍራም ሰም ተቀብቶበት ሳይፋቅ፣ ጠርዙም በሰሙ ተሸፍኖ ይቀመጥ። ሰገነት ላይ አይተው። ይህን ለማድረግ የሚፈጀው ግማሽ ሰዓት ነው።

6ኛ. ጀማሪ አይግዛ። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ተራራ ለሚወጣ ሰው ከመግዛትና ከማሳደስ ይልቅ መከራየት ይሻለዋል። ስኪ መግዛት የክብር ምልክት አይደለም።

ረ. አንድ የቀረ ተቃውሞ

ይህን ሐሳብ ቀደም ብለን ያሳየናቸው አንዳንድ ጓደኞቻችን «እኛ ለትምህርት እንጂ ሞረድ ለመያዝ አልመጣንም፤ ምሁር ካውያ ይዞ ሲታይ ምን ይባላል?» ብለው ሳቁብን። ሳቃቸው የገረመን አይደለም፤ ከየት እንደ መጣ እናውቀዋለን። በአገራችን ማረሻውን የሚያወጣለትን ቀጥቃጭ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያለ የኖረው ገበሬውም መኳንንቱም ነው። አፄ ምኒልክ ባለእጁን በሥራው የሚሰድበውን በአዋጅ ቢገሥጹም፣ ንቀቱ ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜ አግኝቶ እስከ እኛ ደርሷል። የተማረ ሰው እጁ ንጹሕ መሆን አለበት የሚለው እምነት ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። ይኸው እምነት ነው ሠላሳ አምስት ዶላር ያለ ጥያቄ የሚያስከፍለን። ይኸው እምነት ነው እህቶቻችን በሰው ቤት የሚሠሩትን ሥራ ዝቅ አድርገን እንድናይ የሚያደርገን። ሞረድ መያዝ ያላሳፈረው ሰው ሞረድ የያዘውን ሰው ሙያ ያከብራል፤ ዋጋውንም በትክክል ያውቃል።

ደግሞም ገንዘባችን ከየት እንደሚመጣ አንርሳ። ብዙዎቻችን ከነፃ ትምህርት ድጎማችን ቀንሰን ወደ አገር ቤት እንልካለን፤ ከቤተሰብ የሚላክለትም አለ። ብር በሐምሌ 2024 በገበያ ተመን ሲለቀቅ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። እኛ ዘንድ አሥር ዶላር በከንቱ ሲጠፋ አገር ቤት ምን እንደሚሆን እያንዳንዱ በራሱ ቤት ልክ ያስላው።

ለማጠቃለል ያህል፣ ለመጀመሪያው ወገን የምንለው ይህን ነው፤ ባለሱቁ ጠላታችን አይደለም፣ አለማወቃችንና መበታተናችን ነው የሚያስከፍለን። ለሁለተኛው ወገን የምንለው ደግሞ፤ ኀፍረት ብቻውን ማንንም አይረዳም፣ ሥርዓት ያለው አኗኗር ግን ይረዳል። የዕቃ ዕቁቡ ከተሳካ በዓመቱ መጨረሻ እያንዳንዱ ስኪ ሠሪ ካዳነው ገንዘብ ግማሹን፣ በፈቃዱ፣ ለችግረኛ እህቶቻችን መርጃ ለማኅበሩ ሣጥን እንዲሰጥ ሐሳብ እናቀርባለን። ያን ጊዜ በዶራ በኩል ስናልፍ በመስኮት ከማየት አልፈን ወርደን ሰላምታ ለመስጠት ድፍረት ይኖረናል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እኛ የምናስረው አንበሳ የለንም፤ ዘጠኝ ጥንድ አሮጌ ስኪ ነው ያለን። ከዚያ እንጀምር። የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አሥር ዶላራችሁንና አሮጌ ካውያ ያለው ካውያውን ይዛችሁ ኑ።